ሕመምተኛውን ማን ያደርሰዋል? ስለ «ማኅበራዊ ማዘዣ» የቀረበ ትምህርት



መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜኑ ደጋ ያሉ ቤተሰቦችን ለመጎብኘት በሄድሁበት ጊዜ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አግኝቼ ነበር። እኒህ እናት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፤ እንቅልፍም ከዓይናቸው ርቋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜውም ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ጤና ጣቢያ ደርሰዋል። አንድ ጊዜ የራስ ምታት ማስታገሻ፣ ሌላ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት እየተሰጣቸው ተመልሰዋል። በአራተኛው ጊዜ ግን የተቀበለቻቸው ነርስ፣ «እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ስትል ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ያልተነገረው ሁሉ ተነገረ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሑመራ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ከዕድርም ከማኅበርም ቀርተዋል፤ ቡና የሚጠራቸው ጎረቤት እንኳ የለም። ነርሷም፣ «ብቻዎን አይሁኑ፤ ከሰው ጋር ይቀላቀሉ» ብላ በቅንነት መከረቻቸው።

እኔም በጎበኘኋቸው ጊዜ ያልሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። «እናቴ፣ ወደ ዕድርዎ ይመለሱ» ብዬ፣ መክሬና ባርኬ ሄድሁ። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ያው እንደ ነበሩ አገኘኋቸው። ለምን እንዳልሄዱ ብጠይቃቸው፣ «አባቴ፣ የስንት ወር መዋጮ ያለብኝ ሰው ባዶ እጄን በየት በኩል ልግባ?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት አፈርሁ። ምክሬ ትክክል ነበረ፤ ነገር ግን እሳቸውን ከዚያ ቦታ የሚያደርሳቸው ሰው አላዘጋጀሁም ነበር።

መንገዱን ያገኘችው አንዲት የሠፈር ሴት ናት። አስቀድማ የዕድሩን ዳኛ አነጋግራ ውዝፉ እንዲተውላቸው አደረገች፤ በስብሰባውም ዕለት ከቤታቸው ወስዳ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ቀጥላም ወደ ጤና ጣቢያው አብራቸው ሄደች። ለካ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ቀደም ሲል ተነግሯቸው ለክትትል እንዲመለሱ ታዝዘው ኖሯል፤ ነገር ግን አብሯቸው የሚሄድ ስላጡ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ኪኒናቸውን በየቀኑ መዋጥ ጀመሩ። ልጃቸው አልተመለሰም፤ ኀዘናቸውም አልጠፋም። ሆኖም በመጨረሻ ሳያቸው ከሰው ጋር ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የመሰለውን እርዳታ ነው። በሌላው ዓለም «ማኅበራዊ ማዘዣ» የሚባል ስም ወጥቶለታል። ምን እንደሆነ፣ በእውነት ይጠቅም እንደሆነና በእኛ አገር ምን መልክ ሊይዝ እንደሚችል በቅደም ተከተል እናያለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ማኅበራዊ ማዘዣ ማለት ምን ማለት ነው?

በተለምዶ «ማዘዣ» ስንል ሐኪሙ ጽፎ ወደ መድኃኒት ቤት የሚልከውን ወረቀት ማለታችን ነው። ማኅበራዊ ማዘዣ የሚባለው አሠራር ደግሞ የጤና ባለሙያው ሕመምተኛውን ኑሮውን ወደሚደግፍለት ሰው፣ ማኅበር ወይም አገልግሎት የሚልክበት ሥርዓት ነው። ብቸኝነት የጎዳው ወደ ማኅበር፣ ዕዳ እንቅልፍ የነሣው ወደ ቁጠባና ብድር፣ በቤቷ ድብደባ የሚደርስባት ወደ ሕግ ረዳት፣ አካሉ የተጎዳ ወደ ተሐድሶና ወደ ሥራ ይላካል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን ያገኛል፤ ይህ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

አሠራሩ የተሟላ እንዲሆን ሦስት ሰዎች ያስፈልጉታል፦

1ኛ/ ጠያቂ፤ ይኸውም ከሕመሙ በስተጀርባ ያለውን ኑሮ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ ነው።

2ኛ/ አገናኝ፤ ይኸውም ሕመምተኛውን በጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ፣ የሚስማማውን ከእርሱ ጋር የሚመርጥ፣ እስከ ቦታው የሚያደርስና ከደረሰ በኋላም የሚጠይቅ ሰው ነው።

3ኛ/ ተቀባይ፤ ይኸውም የመጣውን ሰው በክብር የሚቀበል ማኅበር ወይም አገልግሎት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማዘዣው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በመግቢያው በጠቀስኋቸው እናት ዘንድ ጠያቂዋ ነርስ ነበረች፤ ተቀባዩ ዕድርም ነበረ። የጎደለው መካከለኛው ነው።

በዚህ ስሙ አሠራሩ በይበልጥ የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው። በምሥራቅ ለንደን ድኻ ሠፈር በ1984 የተመሠረተው የብሮምሊ ባይ ቦው ማእከል ከጊዜ በኋላ ሕክምናን፣ የአትክልት ሥራን፣ የእጅ ጥበብንና የሥራ ፍለጋ እርዳታን በአንድ ስፍራ አገናኝቶ ለብዙዎች አብነት ሆኗል። በ2019 ደግሞ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ባወጣው የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከ1,000 የሚበልጡ አገናኝ ሠራተኞች በየሐኪም ቤቱ እንዲመደቡ ተወስኗል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰው ከሰው መለየቱ ጤናን ይጎዳል የሚል ነው። በ2010 የታተመ አንድ ሰፊ የምርምር ግምገማ 148 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በመቶ 50 እጅ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም የማኅበራዊ ድጋፍ ማነስና ድብርት አብረው እንደሚገኙ አሳይተዋል። እርግጥ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት ብቻውን አይበቃም። በድብርት የተያዘ ሰው ራሱ ከሰው ይርቃልና። ስለዚህ ወደ ማኅበር መላክ ይፈውሳል ብለን ከመደምደማችን በፊት የተፈተነ ማስረጃ መፈለግ ይገባናል።

2. ጎንደር አስቀድማ ያወቀችው ትምህርት

ማስረጃውን ከማየታችን በፊት ግን ይህ ሐሳብ ለአካባቢያችን እንግዳ አለመሆኑን እንመልከት። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሕዝብ እንደ ፈጀ ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይህ ነው።

የዚህን ትምህርት ቤት ዐቢይ ቁም ነገር ልብ እንበል። ያሠለጠነው አንድ ዓይነት ባለሙያ ብቻ አልነበረም፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያን የሚባሉትን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። ጤና መኮንኑ ሕመምተኛውን ሲመረምር፣ ነርሷ ወደ ቤቱ ሄዳ እናቱንና ልጆቹን ታያለች፤ ሳኒታሪያኑ ደግሞ የሚጠጣውን ምንጭና የሚጸዳዳበትን ስፍራ ይመለከታል። በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሦስት ዓይን ነበረ ማለት ነው። የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ዐዋጅ ያወጡት በ1978 ነው። ጎንደር ከዚያ 24 ዓመት ቀድማ ጤና በቤትና በመንደር እንደሚጠበቅ ታስተምር ነበር።

ይህ አስተሳሰብ በኋላም አልተቋረጠም። በ1996 በዳባት ወረዳ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ሲከታተል ኖሯል። በ2003 በመላ አገሪቱ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠልጣኝ ሴቶችን መድቦ 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ከቤት ወደ ቤት እንዲሄዱ አደረገ። በ2005 ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የተሐድሶ ፕሮግራም ተጀምሮ፣ ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው እየጎበኙ ከሕክምና፣ ከትምህርት ቤትና ከኑሮ መተዳደሪያ ጋር ሲያገናኙ ቆይተዋል። ስሙ ባይጠራም ሥራው የአገናኝ ሥራ ነው።

ነገር ግን አንድ እውነት አለ። አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ሆኖ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 5,000 ሰው ይጠብቃሉ ማለት ነው። ክትባቱ፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትሉ፣ የሕፃናቱ ሕመም፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሪፖርቱ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። ገደልና ሸለቆ በበዛበት በሰሜን ደጋ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዲት ብቸኛ መበለት ከዕድሯ ጋር እንድትታረቅ ሦስት ጊዜ መመላለስን ከእነርሱ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይህን ሥራ ሌላ ሰው መሸከም አለበት።

3. በእውነት ይጠቅማልን?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በጎ የሚመስል ነገር ሁሉ በጎ ውጤት አያመጣምና ማስረጃውን በሚዛን እንየው።

ሀ/ ደካማው ማስረጃ። በእንግሊዝ አገር በ2017 የታተመ አንድ ግምገማ በማኅበራዊ ማዘዣ ላይ የተሠሩ 15 ጥናቶችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ ትንንሽና አሠራራቸው የላላ ስለሆነ ጥቅሙን በእርግጠኝነት ለመናገር እንደማይቻል ገልጧል። በ2022 የታተመ ሌላ ግምገማ ደግሞ በአገናኝ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ 8 ጥናቶችን አይቶ፣ በሕመምተኞቹ የኑሮ ደኅንነት ላይ የታየው ለውጥ ጥቂት ወይም ምንም መሆኑን ዘግቧል። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የወጣበትና ብዙ የተወራለት አሠራር በደንብ ሲፈተን ገና ራሱን አላስመሰከረም። ይህን መደበቅ አይገባንም።

ለ/ ጠንካራው ማስረጃ። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 በሐራሬ ከተማ «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። በየጤና ጣቢያው ግቢ አንድ የእንጨት አግዳሚ ይቀመጣል። በዕድሜ የበሰሉ፣ የሠፈሩን ኑሮ የሚያውቁ፣ ሕዝቡ «አያቶች» የሚላቸው ሴቶች ሠልጥነው በዚያ ላይ ከሕመምተኛው ጋር ይቀመጣሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ እንዲፈታ ይረዱታል። ይህ እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ተመሳሳይ ችግር ካለፈባቸው ሰዎች ክብ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም የእጅ ሥራ እየሠሩ ይጨዋወታሉ። በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2016 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት መካከል ከመቶ 50 የሚሆኑት የድብርት ምልክት ሲታይባቸው፣ በአግዳሚው ወንበር ከተረዱት መካከል ግን ከመቶ 14 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ።

ሐ/ የአገራችን ማስረጃ። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ስኪዞፍሬንያ በተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2022 ታትሟል። ሐኪሞች ያልሆኑ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ደገፉ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ረዱት፤ የመንደር ሽማግሌዎችን አነጋግረው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ጣሩ። በአሥራ ሁለት ወር መጨረሻ በጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ከተረዱት ይልቅ የእነዚህ ሰዎች የዕለት ኑሮ ችሎታ ተሻሽሎ ተገኝቷል። በኤች አይ ቪ ሕክምናም ይህንኑ አይተናል። መድኃኒቱ በ2005 በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ራሳቸው ሠልጥነው በየጤና ተቋሙ አዲሱን ሕመምተኛ ሲያጽናኑ፣ ቀጠሮ ያለፈበትንም ቤቱ ድረስ ፈልገው ሲመልሱ ኖረዋል።

መ/ የሳሙናና የጫማ ማስረጃ። በደጋው አገር በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዘመናት የሚመላለስ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ ሕመም አለ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕመምተኛው ግን እንደሚተላለፍበት ተቆጥሮ ይገለላል። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በጨርቅ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ብቻ የሚያጣድፈውን የሕመም ግርሻት በዓመት በአማካይ ከ24 ጊዜ ገደማ ወደ 19 ገደማ ዝቅ አድርጎታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሕመም «ታጠብ፣ ጫማ አድርግ» የሚለው ምክር ማንም የሚያውቀው ነው። የረዳቸው ግን ሳሙናውና ጫማው በእጃቸው መግባቱ፣ አጠቃቀሙንም የሚያሳያቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በእኔ አስተያየት ፍሬ ያፈሩት ሥራዎች አራት ነገሮች ያስተባብራቸዋል። የታወቀ ሰው አለ፤ ያ ሰው ሠልጥኗል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ይመጣል፤ በመጨረሻም የሚያደርስበት እውነተኛ ስፍራ ወይም የሚጨበጥ ነገር አለ። ፍሬ ያጡት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ያጡ ናቸው። በወንጌል የምናውቀው ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው የእንግዳ ማረፊያው ወዴት እንደሆነ አሳይቶት አልሄደም። በገዛ ከብቱ ጭኖ አደረሰው፤ ከፈለለት፤ ተመልሶም እንደሚጠይቀው ቃል ገባ።

4. ያለን ሀብትና ያለብን ጉድለት

በለንደን ከተማ አገናኙ ሠራተኛ ትልቁ ድካሙ ሕመምተኛውን የሚቀበል ማኅበር መፈለግ ነው። እኛ በዚህ ረገድ ባለጠጎች ነን። ዕድር ለቀብርና ለኀዘን፣ ማኅበርና ሰንበቴ ለጸሎትና ለመጠያየቅ፣ ደቦና ወንፈል ለእርሻ፣ ዕቁብ ለገንዘብ፣ የቡና ጉርብትና ለዕለት ወሬ አሉን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ሰው እስኪሞት መጠበቅን ትተው በኤች አይ ቪ የታመሙ አባሎቻቸውን በቤታቸው መንከባከብ ጀምረው ነበር። ዕድር ለሕያዋንም ሊሠራ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ነገር ግን ራሳችንን ሳናሞካሽ ጉድለታችንን እንመልከት። ወደ እነዚህ ማኅበራት የሚገባ ማን ነው? መዋጮ የሚከፍል፣ ተራው ሲደርስ የሚደግስ፣ በደቦ በሬና ጉልበት የሚያዋጣ ሰው ነው። እንግዲህ እጅግ ብቸኛ የሆነው ሰው ከደጅ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። መዋጮ ያቋረጠች መበለት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት፣ እግሩ ያበጠ ገበሬ፣ ከሌላ ስፍራ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ በየትኛው ዕድር ተመዝግበዋል? በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜኑ ደጋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሽተዋል። ተፈናቃይ ከቤቱ ጋር ዕድሩንም፣ ማኅበሩንም፣ ቡና ጠሪውንም አጥቷል። ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስፈልገው እርሱ ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰ ሰው ያለውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ነርሷ ሕመምተኛውን «ወደ ዕድርህ ሂድ» ብትለው ትእዛዙ የሚሠራው አስቀድሞ ዕድር ላለው ነው። ማኅበራዊ ማዘዣ በእኛ አገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የዕድር ዳኞችን ማነጋገር፣ ውዝፍን መተው፣ የመግቢያ ክፍያን ማቅለል፣ መዋጮ በጉልበት ወይም በእጅ ሥራ እንዲተካ ማድረግ የጤና ሥራ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

5. ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ሀ/ ወዳጅነት የመድኃኒት ምትክ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒታቸውን ይፈልጋሉ። ማንም ጎብኚ «መድኃኒትህን ተውና ጸልይ» ወይም «ጠበሉ ይበቃሃል» የማለት ሥልጣን የለውም። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን መግለጣቸው ብዙዎችን የረዳ ትምህርት ነበር።

ለ/ ወዳጅነት የእንጀራ ምትክም አይደለም። የተራበውን «ከሰው ጋር ተጫወት» ማለት መቀለድ ይሆናል። ድህነቱን ሳናይ ብቸኝነቱን ብቻ የምናክም ከሆነ በበሽታው ላይ ኀፍረት እንጨምርበታለን።

ሐ/ የሰማነውን መጠበቅ። በመንደር ምስጢር ክንፍ አለው። የአንዲት ሴት የደም ምርመራ ውጤት ወይም የቤቷ ጠብ በጎብኚው አፍ ቢወጣ፣ ያ ቤት ዳግመኛ ለማንም አይከፈትም።

መ/ ዐቅምን ማወቅ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ደጋግሞ ራሱን የሚስት፣ የሚያስል ደም የሚተፋ፣ ድብደባ የሚደርስባት ሰው ስናገኝ ሥራችን በዚያው ዕለት ወደሚመለከተው ባለሙያ ማድረስ ነው። በ2023 በክልላችን የተነሣው ግጭት በብዙ ስፍራ መንገድ ዘግቶ የመድኃኒት አቅርቦትን አውኳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ራሱ ነፍስ ያድናል።

6. በየቁምስናው ምን ማድረግ እንችላለን?

በጎንደርና በደጋው አገር እኛ ካቶሊካውያን በቁጥር ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የራሳችንን የተለየ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ባሉት ዕድሮች ውስጥ መሥራት ይሻለናል። ሕመም ሃይማኖት አይለይምና። የሚከተሉት አምስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

1ኛ/ በየጎጡ አንድ ወይም ሁለት የታመኑ፣ ምስጢር ጠባቂ የሆኑ ሰዎችን መምረጥ። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚስማሙት ዕድሜ የጠገቡ ሴቶች ናቸው።

2ኛ/ ከጤና ጣቢያው ኃላፊና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተገናኝቶ መስማማት። እነርሱ ሲልኩ ማንን እንደሚጠሩ፣ እኛም ስንልክ ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ይታወቅ። ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ግን ስሙ አይተላለፍ።

3ኛ/ በአካባቢው ያለውን መመዝገብ። ስንት ዕድር አለ፤ የመግቢያ ክፍያው ስንት ነው፤ የትኛው ለአዲስ ሰው ይከፍታል፤ የቁጠባ ማኅበር፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የሕግ ምክር የት ይገኛል? በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር ስላለ፣ ያልተመዘገበውን ድኻ ወደ ቀበሌው ይዞ መሄድም የአገናኝ ሥራ ነው።

4ኛ/ የመጀመሪያውን ጊዜ አብሮ መሄድ፤ ከዚያም በሁለተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር መጠየቅ። ሰው ከአዲስ ማኅበር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ነውና።

5ኛ/ ውጤቱን በደብተር መያዝ። ስንት ሰው ተላከ፤ ስንቱ ደረሰ፤ ስንቱ ከስድስት ወር በኋላም አለ? ከላይ እንዳየነው ሌሎች አገሮች የደከሙት በበጎ ፈቃድ ሳይሆን በመቁጠር ነው። ያልደረሱትን መቁጠር የሚያሳፍር ቢመስልም፣ መንገዱ የት ላይ እንደተሰበረ የሚያሳየን እርሱ ነው።

ማጠቃለያ

በ1954 ጎንደር ላይ ሦስት ባለሙያዎች ተባብረው አንድን ሕመምተኛ ከነቤቱና ከነምንጩ እንዲያዩ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃም ምክር ብቻውን ብዙ እንደማይረዳ፣ የታወቀና የሠለጠነ ሰው ደጋግሞ ሲመጣ ግን ሕመምተኛው እንደሚሻለው ያመለክታል። መድኃኒቱን የጤና ባለሙያው ያዝዛል፤ ማኅበሩም በመንደራችን አለ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ አብሮ የሚሄድ ሰው ግን ከእኛ መካከል ካልወጣ ከሌላ አይመጣም። እኒያን እናት ለሦስት ወር በቤታቸው ያስቀመጣቸው የጥቂት ብር ውዝፍና የአንድ ሰው መታጣት ነበር። በምንኖርበት ጎጥ እንደ እሳቸው ተቀምጦ የሚጠብቅ ማን እንደሆነ ከዚህ ጽሑፍ በኋላ እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ካለው ዕድር ወይም ማኅበር ባለፈው ዓመት የቀረ ሰው አለን? የቀረበትን ምክንያት ጠይቃችሁታልን?

2. የዕድራችሁ ደንብ መዋጮ ላቆመ ሰው፣ ለተፈናቃይና ለአእምሮ ሕመምተኛ ምን ይላል? ለመለወጥስ ማንን ማነጋገር ይገባል?

3. በጤና ኬላችሁ የሚሠሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስም ታውቋቸዋላችሁን? ከእናንተ ምን እርዳታ እንደሚፈልጉ ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋገሩበት።

4. ሕመምተኛን ከጎበኛችሁ በኋላ «ምክሬን ሰጥቻለሁ» ብላችሁ የተዋችሁት ሰው ትዝ ይላችኋልን? ያ ሰው ዛሬ ምን ላይ ነው?